ነጥቡ ለመልሱ ነው ወይስ ለአሠራሩ?

የሒሳብ መምህር የሆነ ሁሉ ፈተና ሲያርም ሁለት ዓይነት ወረቀት ይገጥመዋል። አንዱ ተማሪ ጥያቄውን በሚገባ ተረድቶ፣ እኩልዮሹን አቁሞ፣ ሁለት ሦስት መስመር በትክክል ከሄደ በኋላ በትንሽ ነገር ተሰናክሎ የተሳሳተ ቁጥር ላይ ይደርሳል። ሁለተኛው ደግሞ አንዳችም አሠራር ሳያሳይ ትክክለኛውን ቁጥር ብቻ አስቀምጦ ይገኛል። ለመሆኑ ነጥቡ የሚገባው ለየትኛው ነው? ለሁለቱም ይገባል ቢባል ለእያንዳንዱ ስንት ስንት?

ይህ ጥያቄ በየመምህራኑ ክፍል ዘወትር የሚነሳ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የአራሚው የደግነት ወይም የጭካኔ ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ዳሩ ግን ነገሩ ከአንድ አራሚ ጠባይ እጅግ የራቀ ነው። ፈተናው ስንት ወረቀት እንዳለው፣ ጥያቄዎቹ ሁሉም የግድ የሚሠሩ ይሁኑ ወይም ተማሪው መርጦ የሚሠራቸው፣ ነጥቡ በመጨረሻው ቁጥር ላይ ብቻ ይውደቅ ወይም በየመስመሩ ይከፋፈል፣ ይህ ሁሉ ተማሪው ከፈተናው ቀን በፊት ባሉት ሁለት ወይም አራት ዓመታት በክፍል ውስጥ ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ይወስናል። እንዴት ወደዚህ እንደተደረሰ ለማየት ረጅም መንገድ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር፣ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ፈተና የቃል ነበር። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው በላቲን ቋንቋ አንድ አሳብ አቅርቦ ከጓደኞቹ ጋር ይከራከራል፤ አወያዩም የማንን ክርክር እንደተቀበለ ይናገራል። የአገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች ተማሪ በመምህሩ ፊት ቆሞ የሚፈተንበትን ሥርዓት ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ይሁን እንጂ በ18ኛው ምእተ ዓመት ሒሳብ በካምብሪጅ ዋነኛው የማዕረግ ትምህርት እየሆነ ሲሄድ የቃሉ ክርክር አልበቃ አለ። ረጅም የአልጀብራ ስሌት በአፍ አይነገርም፤ ሁለት ተማሪዎችንም በተለያየ ጥያቄ ጠይቆ ማበላለጥ አስቸጋሪ ነው። በመሆኑም ጥያቄው ለሁሉም አንድ ሆኖ በቃል ይነገር፣ መልሱም በጽሑፍ ይሰጥ ጀመር። ቆይቶ ጥያቄው ራሱ በወረቀት ታትሞ ቀረበ። ትራይፖስ እየተባለ የሚጠራው የካምብሪጅ የሒሳብ ፈተና በዚህ መንገድ ቅርጽ ያዘ። አንደኛ የሚወጣው ተማሪ የሚጠራበት ስም ግን አልተለወጠም፤ «ታላቁ ተከራካሪ» እንደማለት ነበር።

የጽሑፍ ፈተና ከመጣ በኋላ ነጥብ መቁጠር፣ ነጥብ ከተቆጠረም በኋላ ተማሪዎችን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በተርታ መደርደር ተከተለ። ተርታው በጋዜጣ ይወጣ ስለነበር አንደኛ መውጣት ለዕድሜ ልክ የሚበቃ ዝና ያስገኝ ነበር። በዚህም ምክንያት ሌላ ሙያ ተፈጠረ፤ ተማሪን ለፈተና ብቻ የሚያዘጋጅ የግል አስተማሪ። ከነዚህም ውስጥ ስመ ጥሩ የነበረው ኤድዋርድ ራውዝ በ19ኛው ምእተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ከ20 በላይ የሆኑ አንደኛ የወጡ ተማሪዎችን አሠልጥኗል። እንግዲህ በየሠፈሩ የሚከፈተው የማጠናከሪያ ትምህርት ያለፉት አሥር ወይም ሃያ ዓመታት ፍሬ ነው ብሎ የሚያማርር ካለ፣ ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው ይወቅ። በመጨረሻ ብዙ የሒሳብ ሰዎች፣ ጂ. ኤች. ሃርዲን የመሰሉት ጭምር፣ ይህ ውድድር ተማሪውን የፈጣን ስሌት ሠራተኛ እንጂ የሒሳብ ሊቅ አያደርገውም ብለው ተቃወሙ። ተርታው ለመጨረሻ ጊዜ የወጣው በ1909 ነው።

ይኸው ዩኒቨርሲቲ በ1858 ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሆን ፈተና የሚያዘጋጅ አካል አቋቋመ፤ ፈተናውም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በልዩ ልዩ ከተሞች ተሰጠ። መጀመሪያ የተፈቀደው ለወንዶች ብቻ ነበር። በ1863 ኤሚሊ ዴቪስ የተባሉት የሴቶች ትምህርት ተሟጋች ባደረጉት ጥረት ልጃገረዶች ለሙከራ ተፈቀደላቸው። ውጤቱ ሲወጣ በዕድሜ ከፍ ያሉት ልጃገረዶች አብዛኞቹ በአሪትሜቲክ ወድቀው ተገኙ። ይህን የሰሙ አንዳንዶች የሴት አእምሮ ለቁጥር አልተፈጠረም ለማለት ተመቻቸው። ነገር ግን ትምህርት ቤቶቹ የጎደለውን ከውጤቱ አይተው አሪትሜቲክን በደንብ ማስተማር ያዙ፤ በ1865 ፈተናው ለልጃገረዶች በይፋ ሲከፈት የወደቁት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ የተለወጠው አእምሮ ሳይሆን የሚሰጠው ትምህርት ነበር። ይህን ታሪክ በተለይ ለሴት ተማሪዎች መንገር የሚበጅ ይመስለኛል።

ፈተና ትምህርትን የሚያሻሽለውን ያህል አስሮም ሊይዝ ይችላል። ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ የጂኦሜትሪ ነገር ነው። እስከ 20ኛው ምእተ ዓመት መግቢያ ድረስ የእንግሊዝ ፈተናዎች ተማሪው የዩክሊድን ማረጋገጫዎች በዩክሊድ ቅደም ተከተል እንዲያቀርብ ይጠይቁ ነበር። ተማሪው ትክክለኛ የሆነ ሌላ ማረጋገጫ ቢያመጣና ማረጋገጫው በዩክሊድ መጽሐፍ ወደ ኋላ በሚገኝ ነገር ላይ የተመሠረተ ቢሆን አይቀበሉትም። ስለዚህ መምህራኑ ማረጋገጫውን በቃል ያስጠኑ ነበር። ፊደሎቹ ሳይቀሩ ይሸመደዳሉ፤ ፈታኙ በሥዕሉ ላይ የፊደሎቹን ቦታ ቢለውጥ የሚደናገረው ተማሪ ብዙ ነው። በ1901 ጆን ፔሪ የተባለው የምሕንድስና መምህር በግላስጎው በተደረገ ስብሰባ ላይ ይህን ልማድ አጥብቆ ነቀፈ። በ1903 ካምብሪጅ ሥርዓት ባለው አካሄድ የቀረበ ማንኛውንም ማረጋገጫ እንደሚቀበል አስታወቀ። ለብዙ ዘመን ሲነገር የነበረው ስብከት ያላመጣውን ለውጥ ይህ አንድ የፈተና ደንብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አመጣው፤ አዳዲስ የጂኦሜትሪ መጻሕፍትም ወዲያውኑ መታተም ጀመሩ። ሌላው የዚህ ዓይነት ለውጥ በ1944 የጄፍሪ ኮሚቴ ያቀረበው ነው። ከዚያ በፊት አሪትሜቲክ፣ አልጀብራና ጂኦሜትሪ በየራሳቸው ወረቀት ይፈተኑ ስለነበር በክፍልም እንደ ሦስት የተለያዩ ትምህርቶች ይሰጡ ነበር። ኮሚቴው ትሪጎኖሜትሪን ጨምሮ ሁሉም አንድ ሒሳብ ይሁኑ አለ።

አሁን ወደ ተነሳንበት ጥያቄ እንመለስና ነጥቡ እንዴት እንደሚከፋፈል በምሳሌ እንመልከት። የአንድ አራት ማዕዘን መደብ ርዝመት ከስፋቱ በ7 ሜትር ይበልጣል፤ የቆዳ ስፋቱ 60 ካሬ ሜትር ነው፤ ወርዱ ስንት ነው? ወርዱን ስ ብንለው፣ ስ × (ስ + 7) = 60 ይሆናል። ይህም ስ² + 7ስ − 60 = 0 ማለት ነው። ሲበታተን (ስ + 12)(ስ − 5) = 0 ስለሚሆን ስ ወይ −12 ወይ 5 ነው፤ ወርድ ከዜሮ በታች ስለማይሆን መልሱ 5 ሜትር ነው። የካምብሪጅን ልማድ የወረሱ ፈታኞች ለዚህ 4 ነጥብ ቢሰጡ እንዲህ ይከፋፍሉታል፤ እኩልዮሹን ለማቆም 1፣ ለማስተካከል 1፣ ለመበታተን 1፣ −12ን ጥሎ 5ን ለመያዝ 1። አንዱ ተማሪ (ስ + 10)(ስ − 6) ብሎ በታትኖ 6 ሜትር የሚል መልስ ቢሰጥ 2 ነጥብ ያገኛል። ማባዛቱ −60 መሆኑን አይቷል፤ ድምሩ 7 ሳይሆን 4 መሆኑን ግን አላየም። አራሚውም ወረቀቱን አይቶ ስሕተቱን በአንድ ጣት ሊያመለክተው ይችላል።

ይህንኑ ጥያቄ በምርጫ መልክ እናቅርበው፤ ሀ. 4 ለ. 5 ሐ. 6 መ. 12። ያ ተማሪ «ሐ»ን ያጠቁርና ዜሮ ያገኛል። ሌላው ተማሪ እኩልዮሽ የሚባል ነገር ሳያስብ ምርጫዎቹን በየተራ ይሞክራል፤ 4 × 11 = 44 አልሆነም፣ 5 × 12 = 60 ሆነ፤ «ለ»ን ያጠቁራል። ይህም ብልሃት ነው፤ አይናቅም። ነገር ግን ጥያቄው ሊለካ የፈለገውን አልለካም። ሦስተኛው ተማሪ ጥያቄውን ሳያነብ ቢያጠቁር እንኳ ከአራት አንድ ዕድል አለው።

የካምብሪጅ ፈተና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የመጣው ከቅኝ አገዛዝ ጋር ነው። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ የነበሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የካምብሪጅን የባሕር ማዶ ሰርተፊኬት ያስፈትኑ ነበር። ጥያቄው ከእንግሊዝ አገር ይመጣል፤ የተሠራው ወረቀትም ለእርማት ወደዚያው ይላካል። በዚህ ዓይነት ነጥቡ በየመስመሩ የሚከፋፈልበት ልማድ በአካባቢው መምህራን ዘንድ ሥር ሰደደ። በኢትዮጵያ ደግሞ በ1940ዎቹ የነበሩት የመጀመሪያዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የለንደን ዩኒቨርሲቲን የማትሪኩሌሽን ፈተና ይወስዱ ነበር፤ እስከ ዛሬ በሰው አፍ ያለው «ማትሪክ» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ከዚያም የኢትዮጵያ የራስዋ የመልቀቂያ ፈተና ተተካ፤ የመሰናዶው ሥራም ለረጅም ጊዜ በዩኒቨርሲቲው ሥር ነበር። ይህ ዝምድና ቀላል ነገር አልነበረም። ፈተናውን የሚያወጣው ተማሪ የሚቀበለው ክፍል ሲሆን፣ ጥያቄው የሚያተኩረው «ይህ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባልን?» በሚለው ላይ ይሆናል። ሌላው፣ ማለትም የማይገባው ልጅ በ12 ዓመት ውስጥ ምን አወቀ የሚለው፣ ከፈተናው ዓላማ ውጭ ይቀራል።

የኢትዮጵያና የጎረቤቶችዋ መንገድ በአንድ ቦታ ላይ ተገናኝቶ ነበር። በ1962 በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በምትገኘው በኤንቴቤ ከተማ የአፍሪካ፣ የአሜሪካና የእንግሊዝ የሒሳብ ሰዎች ተሰብስበው አዲስ የሒሳብ መጻሕፍት መጻፍ ጀመሩ። የሥራው መሪ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሒሳብ ፕሮፌሰር የነበሩት ቴድ ማርቲን ነበሩ። ከተካፈሉት አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ጋናና ናይጄሪያ ይገኙባቸዋል። ስብሰባው በተከታታይ ዓመታት ቀጥሎ ብዙ መጻሕፍትን አስገኘ፤ የኤንቴቤ ሒሳብ የተባለው ይህ ነው። ስብስብ፣ የቁጥሮች ባሕርይ፣ ለምን የሚለው ጥያቄ፣ በስሌት ብዛት ፋንታ አሳብን ማስቀደም የዚህ ሒሳብ ዋና መልኮች ነበሩ። በአጠገቡም ከእንግሊዝ አገር የተነሳ ሌላ የዘመናዊ ሒሳብ መንገድ ለምሥራቅ አፍሪካ ተስተካክሎ ገባ።

አዲሱ ሒሳብ ያጋጠመው መሰናክል በመጻሕፍቱ ውስጥ ብቻ አልነበረም። መምህሩ ስለ ስብስብ ያስተምራል፤ ተማሪው ግን የሎጋሪዝም ሠንጠረዥ የሚያስገልጥ ጥያቄ ከመጣበት ድካሙ ምን ይሆናል? ስለዚህ ለነባሩና ለዘመናዊው ሒሳብ የተለያዩ ወረቀቶች ማዘጋጀት አስፈለገ። በአንድ አገር፣ በአንድ ዓመት፣ ለአንድ ሰርተፊኬት ሁለት ዓይነት ሒሳብ ይፈተን ጀመር። ወላጅ የልጁን የቤት ሥራ አይቶ አላውቀውም ይላል፤ ቀጣሪም የትኛው ይሻላል ብሎ ይጠይቃል። በኬንያ ጭቅጭቁ እየበረታ ሄዶ በ1981 ፕሬዚዳንት ሞይ ዘመናዊው ሒሳብ ከትምህርት ቤቶች እንዲወጣ አዘዙ። ውሳኔው የመጣው ከመድረክ እንጂ ከመምህራን ጥናት አልነበረምና ብዙ የሒሳብ ሰዎችን አላስደሰተም። ሆኖም ልብ ብሎ ለሚመለከት አንድ ነገር ይታያል። «ዘመናዊ» ተብሎ የተባረረው ሒሳብ ሁሉም አልሄደም። ማትሪክስ፣ ቬክተር፣ የቅርጾች ሽግግርና ፕሮባቢሊቲ በኬንያ ፈተና ውስጥ ቀርተዋል። በግምቴ የቀሩት ጥርት ያለ የፈተና ጥያቄ ሊወጣባቸውና ነጥባቸው በየመስመሩ ሊከፋፈል የሚችሉት ናቸው። «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ግን ነጥብ የሚቆጠርበት መስመር አልነበረውም፤ እሱ ሄደ።

በዚሁ ዘመን የፈተና ሥልጣን ወደ አገር ቤት እየገባ ነበር። በ1967 የምሥራቅ አፍሪካ የፈተና ምክር ቤት ተቋቋመ። ታንዛኒያ በ1971 ወጥታ በ1973 የራስዋን ምክር ቤት አቆመች፤ ኬንያ በ1980፣ ኡጋንዳ በ1983 ተከተሉ። ታንዛኒያ ከሁሉም ይበልጥ ደፋር ሙከራ አድርጋለች። በ1974 በሙሶማ በወጣው ውሳኔ መሠረት የአንድ ቀን ጽሑፍ ብቻውን የልጁን ዕጣ እንዳይወስን፣ በትምህርት ቤት የሚሠራው ሥራም በውጤቱ ውስጥ እንዲቆጠር ተደረገ። አሳቡ መልካም ነበር። ችግሩን ግን እያንዳንዱ አንባቢ ይገምተዋል፤ መምህሩ የልጁን ነጥብ ሲሰጥ ዳኛም ጠበቃም ይሆናል። እንግሊዝ አገርም ከዚሁ አላመለጠችም፤ በሒሳብ ፈተና ውስጥ በቤት የሚሠራ ክፍል አስገብታ ብዙ ዓመታት ከሠራችበት በኋላ ሥራው የማን እንደሆነ መለየት ስላስቸገረ በ2006 እንዲቀር ወሰነች።

የፈተናዎቹን አወቃቀር ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። በ1989 የጀመረው የኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ሰርተፊኬት በሒሳብ ሁለት ወረቀት አለው፤ እያንዳንዱ 2 ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ ከመቶ ይታሰባል። የመጀመሪያው ክፍል 16 አጫጭር ጥያቄዎች ሲኖሩት ሁሉም የግድ ናቸው፤ 50 ነጥብ ይይዛሉ። በሁለተኛው ክፍል ተማሪው ከ8 ረጃጅም ጥያቄዎች 5 መርጦ ይሠራል፤ እያንዳንዱ 10 ነጥብ ነው። በወረቀቱ ፊት ላይ ተማሪው የአሠራሩን ደረጃ ሁሉ እንዲያሳይ፣ መልሱ ቢሳሳት እንኳ ለትክክለኛ አሠራር ነጥብ ሊሰጥ እንደሚችል ተጽፎ ይገኛል። የኡጋንዳው ነባር ፈተና በ10 አጫጭር ጥያቄዎች 40 ነጥብ፣ ከ7 ረጃጅሞች በሚመረጡ 5 ጥያቄዎች 60 ነጥብ ይሰጥ ነበር። በ2020 በጀመረው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ግን ከኑሮ የተወሰደ ሁኔታ ቀርቦ ተማሪው ከዚያ ተነስቶ እንዲሠራ ይጠየቃል፤ የዚህ ዓይነቱ የመጀመሪያ ፈተና በ2024 ተሰጥቷል።

በምርጫ የሚሠራ ክፍል ለተማሪው የሚራራ ይመስላል። በአንጻሩ ግን ከ8 አምስቱን መሥራት የሚበቃው ተማሪ ሦስት ምዕራፎችን ጨርሶ ሳያይ ሊያልፍ ይችላል፤ ይህን የሚያውቅ መምህርም ጊዜ ሲያጥረው የትኛውን ምዕራፍ እንደሚዘል ያሰላል። ወቀሳ አይደለም፤ አወቃቀሩ የፈቀደው ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ የመልቀቂያው ፈተና በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ቀርቶ በ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናና በ12ኛ ክፍል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ተተካ፤ የ10ኛው ክፍልም ቆይቶ ቀርቷል። በ12ኛ ክፍል ለተፈጥሮ ሳይንስና ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች የተለያየ የሒሳብ ወረቀት ይቀርባል። የሁለቱም ጥያቄዎች በምርጫ የተዋቀሩ ናቸው፤ መልሱ በእርሳስ ይጠቆራል፤ የሚያርመው መሣሪያ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ተፈትነዋል። የዚህ ዓይነት ፈተና ትልቅ ጥቅም አለው። መሣሪያው አያዳላም፣ አይደክምም፣ የተማሪውን የእጅ ጽሑፍ አይጠላም። ውጤቱም በአጭር ጊዜ ይደርሳል።

ነገር ግን ነጥቡ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንመርምረው። ፈተናው 60 ጥያቄ፣ እያንዳንዱም 4 ምርጫ አለው እንበል። ምንም የማያውቅ ተማሪ ሁሉን በግምት ቢያጠቁር በአማካይ 15 ያገኛል። እሱ 30 ማምጣቱ የማይመስል ነገር ነው። አሁን 20 ጥያቄ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ እንውሰድ። 20ውን ይሠራል፤ የቀሩትን 40 በግምት ያጠቁራል፤ ከ40ው በአማካይ 10 ይቀናዋል። ድምሩ 30 ሆነ፤ ከመቶ 50 ማለት ነው። ሲሶውን ያወቀ ልጅ የግማሹን ማዕረግ ያዘ። ይህን ለማረም የታወቀ ዘዴ አለ፤ ከትክክሎቹ ላይ የስሕተቶቹን አንድ ሦስተኛ መቀነስ ነው። 30 ሲቀነስ 10፣ 20 ይሆናል፤ ልክ የሚያውቀውን ያህል። ዘዴው በቁጥር ትክክል ነው፤ በተግባር ግን ደፋሩን ከመቅጣት ይልቅ ፈሪው ልጅ የሚያውቀውን እንኳ ሳያጠቁር እንዲተው ያደርገዋል። (ይህን ስሌት ተማሪዎች ራሳቸው በፕሮባቢሊቲ ክፍለ ጊዜ ቢሠሩት መልካም ልምምድ ይሆናቸዋል።)

በ2014 ዓ.ም. ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች በጠቅላላ ውጤታቸው ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለ ኩረጃ፣ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ መምህራን ኑሮ ብዙ ተብሏል፤ እዚህ መድገም አያስፈልግም። ለእኛ ለመምህራን የቀረው ጥያቄ ሌላ ነው። ከነዚህ ውስጥ በሒሳብ የወደቁት ልጆች የተሰናከሉት የቱ ላይ ነው? እኩልዮሹን ማቆም አቅቷቸው ነው? ወይስ አቁመው መበታተን አቃታቸው? ወይስ የጥያቄው እንግሊዝኛ አልገባቸውም? የጠቆረ ክብ ለዚህ መልስ የለውም።

እንግሊዝ አገርም ይህን የመሰለ ጊዜ ነበራት። በ1982 በሰር ዊልፍሬድ ኮክሮፍት የሚመራ ኮሚቴ ያቀረበው ዘገባ፣ ፈተናው ከላይ ላሉት ጥቂቶች ተብሎ ተዘጋጅቶ ለሌሎቹ እየተቀነሰ የሚሰጥ መሆኑን አጋለጠ። በመካከለኛ ችሎታ ላይ ያለ ተማሪ የሚገባውን ማዕረግ ያገኝ የነበረው ከመቶ 30 ገደማ ብቻ በማምጣት ነው፤ ይህም ማለት አብዛኛውን ወረቀት ሳይችለው ይወጣል። ኮሚቴው ሥራው ከታች ወደ ላይ ይገንባ፣ ተማሪው የማያውቀውን ሳይሆን የሚያውቀውን የሚያሳይበት ወረቀት ይሰጠው አለ። ከ1988 ጀምሮ የሒሳብ ፈተና በሦስት እርከን ተከፈለ። ይህም የራሱን ችግር አመጣ፤ በታችኛው እርከን የተመዘገበ ልጅ ምንም ያህል ቢሠራ ሲ ማግኘት አይችልም ነበር፤ ዕጣው የሚወሰነው ትምህርት ቤቱ ወረቀቱን በመረጠለት ቀን ነው። ኋላ እርከኖቹ ወደ ሁለት ተቀንሰው ከታችኛውም ሲ የሚገኝበት በር ተከፈተ። ኬንያም ቀለል ያለ ሁለተኛ የሒሳብ ፈተና አዘጋጅታ ነበር፤ የተመዘገቡበት ግን ጥቂቶች ናቸው። ወላጅም ተማሪም «የደካሞች ሒሳብ» የሚል ስም አይወድም።

ከጎረቤቶቻችን ልንወስደው የሚገባው አንድ ነገር እርከኑ አይመስለኝም፤ ከፈተና በኋላ የሚደረገው ሥራ ነው። የታንዛኒያ የፈተና ምክር ቤት በየዓመቱ በሒሳብ ፈተና ላይ የጥያቄ በጥያቄ ትንተና አውጥቶ ለመምህራን ያደርሳል። በዚህ ዘገባ ውስጥ ከተማሪዎች ወረቀት የተወሰደ ትክክለኛ አሠራርና የተሳሳተ አሠራር በእጅ ጽሑፍ እንዳለ ታትሞ ይታያል። ኬንያም የዚህ ዓይነት ዘገባ ታወጣለች። የታንዛኒያ ተማሪዎች በሒሳብ የሚያልፉት ቁጥር ብዙ አይደለም፤ በ2022 ከአምስት አንድ ያህል ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ዘገባው ተአምር አልሠራም። ነገር ግን በዳር አገር ያለ መምህር ተማሪዎቹ አሉታዊ ቁጥር ሲያባዙ የቱ ላይ እንደሚሳሳቱ ከዘገባው ሊያይ ይችላል፤ የኛው መምህር ግን የሚደርሰው አንድ ቁጥር ነው።

ይህ የሚቻለው ወረቀቱን ሰው ሲያርመው ብቻ ነው። ኬንያ መምህራንዋን በዕረፍት ጊዜ በማረሚያ ጣቢያዎች ትሰበስባለች፤ አንድ አራሚ ሙሉ ወረቀት በማረም ፋንታ አንድ ሁለት ጥያቄ ብቻ አርሞ ወረቀቱን ለሚቀጥለው ያሳልፋል። በዚህም ሥራው ይፈጥናል፤ የአንድ ሰው አድልዎም ይቀንሳል።

ለኢትዮጵያ ይህ አይሞከርም፣ ተፈታኙ እጅግ ብዙ ነው የሚል መልስ ይሰማል። እንቁጠረው። የምርጫው ፈተና እንዳለ ይቆይና በመጨረሻው ገጽ ላይ ሁለት የአሠራር ጥያቄዎች ብቻ ይጨመሩ። ለሁለቱ 4 ደቂቃ ቢበቃ፣ አንድ አራሚ በቀን በ8 ሰዓት ሥራ 120 ወረቀት ያያል፤ በ20 ቀን 2,400። ለ900 ሺህ ወረቀት 375 አራሚ ይበቃል። እያንዳንዱ ወረቀት በሁለት ሰው ይታይ ቢባል 750 መምህራን ያስፈልጋሉ።